ሠላሳ አንድ መቀስ

ሰኞ፤ አራተኛ ቀን

ይህ ደብተር የፋብሪካው ነው። ሐሙስ ዕለት ብብቴ ሥር ይዤው እንደወጣሁ ያወቅሁት ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ገጾች ስለ ዘለለ ስፌትና ስለ ጠመመ ኮሌታ የተጻፈባቸው ናቸው፤ አልቀደድኳቸውም። ከአሥራ ሦስተኛው ገጽ እቀጥላለሁ። ቀኑን የምቆጥረው ከቃጠሎው ጀምሬ ነው።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን መምህርታችን «የተሳሳተ አይፋቅም፤ ከሥሩ ማረሚያ ተብሎ ይጻፋል» ይሉን ነበር። የፋቀች ልጅ እጇን በማስመሪያ ትመታ ነበር። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ፍቄ አላውቅም።

የሆነው ይህ ነው። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ከመተኮሻ ክፍሉ እሳት ተነሣ። የስፌት አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ሴቶችና እኔ ነበርን። በሩ አንድ ነው። እኔ በሩ ሥር ባለው የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ነው የተሰፋውን ሁሉ የምመረምረው። ሴቶቹ ተሰልፈው ወጡ። ሠላሳ አንዱ ደህና ናቸው። አንዷ፣ የቁልፍ ቀዳዳ ማሽን ላይ የምትሠራውና ሳቂታ የምንላት ልጅ፣ ወደ ውስጥ ተመልሳ ነበርና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው ያወጧት። ሁለት እጇም ሳንባዋም ተጎድቷል። ስልኳን ረስታ ነው የተመለሰችው ተብሏል። እኔ ከሁሉም በኋላ ወጣሁ።

የእህቴ ልጅ ደህና ከወጡት አንዷ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከሐሙስ ወዲህ ጫማዋን እንዳደረገች ነው የምትተኛው። አንሶላው ሁለቴ ታጥቧል።

ረቡዕ፤ ስድስተኛ ቀን

የሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ለተጎዱት እርዳታ አለ ተብሎ የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ውሃ ሰጧት። ብርድ ልብስም ሰጧት፤ ብርድ ሳይኖር። ከዚያ አንዲት ረጅም ባለ ሰደርያ አጠገቧ ተቀምጣ ሦስት ነገር ጠየቀቻት፤ እንቅልፍ ወሰደሽ ወይ፣ ከማን ጋር ነው ያለሽ፣ ዛሬ ምን ያስፈልግሻል። ይኸው ነው። አለቀ።

«ስለ እሳቱስ አትጠይቋትም?» አልኩ።

«እሷ ካላነሣችው አንጠይቅም፣ እማማ።»

«እማማ አይበሉኝ። የመጣችው ውሃ ልትጠጣ ነው እንዴ? ውሃማ ቤታችንም አለ።»

«አሁን የእኛ ሥራ በእግሯ እንድትቆም ማድረግ ነው። ጉዳዩን ዛሬ ጎርጉረን ብናወጣው የምንይዝበት አቅም የለንም። እሱ በኋላ ነው፤ በሐኪም፣ ቀስ ተብሎ።»

«በኋላ ማለት መቼ ነው?»

የሰደርያዋን ዚፕ ወደ ላይ ሳበችው።

ልጅቱ የሚያስፈልጋትን ስትጠየቅ «በሩ አይዘጋ» ነው ያለችው። ተነሥተው የአዳራሹን በር በወንበር ደገፉት። ከዚያ በኋላ አንድ ኩባያ ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጣች። በስድስት ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ይህን የምጽፈው ለሐቅ ስል ነው፤ አሠራራቸው ገብቶኝ አይደለም።

ባለ ሰደርያዋ ስወጣ ተከትላኝ «እርስዎስ? ትንሽ አይቀመጡም?» አለችኝ። እኔ ምንም አልሆንኩም። ስሜን ግን መዝገባቸው ላይ አሰፈረችው። ሥራ ፈት ሰው ስም መመዝገብ ይወዳል።

ቅዳሜ፤ ዘጠነኛ ቀን

አዳራሹ ውስጥ ከጀርባዬ ሁለት የኪስ ሰፊዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

«እትዬ ሰሌዳ በሩ ላይ ባትቆም ኖሮ ተረጋግጠን አልቀን ነበር።»

«ሰልፍ ያስያዘችን እሷ አይደለች! ያን ጊዜ እንኳ ሳትጮህ።»

«መቼ ጮሃ ታውቃለች? በዓይኗ ነው የምትገርፈው።»

ሳቁ። እትዬ ሰሌዳ የሚሉኝ እኔን ነው፤ በመቀስ ሰሌዳው ምክንያት። ለማያውቅ ሰው ልጻፈው። ከጠረጴዛዬ ጀርባ ባለ ቁጥር መንጠቆ ያለው ሰሌዳ አለ። እያንዳንዷ ሠራተኛ ጠዋት በቁጥሯ መቀስ ትወስዳለች፤ ስትወጣ እጄ ላይ ታስቀምጣለች፣ እሰቅላለሁ። ያላስረከበች አትወጣም። ይህን ሥርዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ መቀስ በታሸገ የሕፃን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተገኘ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም መቀስ ጠፍቶ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለትም ሁለት ሦስቱ ከልማድ የተነሣ መቀሳቸውን አቀብለውኛል። እጅ የለመደውን ይቀጥላል።

ልጅቱ ክር በጥርሷ ነው የምትበጥሰው። የመድኃኒት ከረጢትም በጥርሷ። «መቀስ እኮ መሳቢያው ውስጥ አለ» አልኳት። አልሰማችኝም።

ረቡዕ፤ አሥራ ሦስተኛ ቀን

የልጅቱን ሣጥን ሳስተካክል የማላውቀው ስልክ አገኘሁ፤ መስታወቱ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ።

«የማን ነው?»

«የሳቂታ።»

«አንቺ ጋ ምን ይሠራል?»

«ሰልፉ ላይ ከኋላዋ ነበርኩ። ያዥልኝ አለችኝ።»

«የሰው ዕቃ መመለስ አለበት» አልኳት። አንሶላ ማጠፍ ነበረብኝ።

ዓርብ፤ አሥራ አምስተኛ ቀን

የፋብሪካው ኃላፊ የምስጋና ወረቀት ይዞ መጣ። «ሠራተኞቹን በሥርዓት በማስወጣት» ይላል። ቀኑ የተሳሳተ ስለሆነ መለስኩለት። «እትዬ፣ እሱን እናርመዋለን፣ እንዲያው ይቀበሉ» አለ። ታርሞ ሲመጣ አያለሁ አልኩት። የመኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ በሩን ስታይ የነበረችው ልጅ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ነበር።

ረቡዕ፤ ሃያኛ ቀን

ባለ ሰደርያዎቹ ነገ ይወጣሉ። ሥራቸው ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው የተፈቀደው። እንዴት ያለ ሥራ ነው? ልጅቱ ገና ሰው ፊት ማየት ስትጀምር! ረጅሟን ሴት ከወንበሬ ተነሥቼ አነጋገርኳት።

«ከእናንተ በኋላ የሚረከባት ማን ነው?»

«ሆስፒታሉ። የሥነ ልቦና ሐኪም አለች፤ ጎበዝ ናት። ይህን ደብዳቤ መስኮት አራት ያስገባሉ፣ ቀጠሮ ይሰጥዎታል።»

«መቼ?»

«ወረፋ አለ። ሁለት ወር፣ ምናልባት ከዚያ በላይ። ደብዳቤው ግን በሠላሳ ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ካለፈ አይቀበሉም።»

«እኛ ዘንድ» አልኳት፣ «ፈረቃ ሲቀየር ወጪዋ፣ ገቢዋ መጥታ ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ፣ እጇን ከማሽኑ አታነሣም። መርፌው የት እንደደረሰ፣ ክሩ የት ላይ እንደሚላላ ነግራት ነው የምትሄደው። እናንተ ማሽኑን እያዞራችሁ ጥላችሁት ነው የምትወጡት።»

ፊቷ ቀላ። «ልክ ነዎት። እኔም ይህን ጽፌ አመልክቻለሁ። መልስ አላገኘሁም።»

ልክ ነዎት መባል ምን ይጠቅመኛል? ፖስታውን ሰጠችኝ፤ የታሸገ ነው። «ምን ተጽፎበታል?» ብዬ ጠየቅሁ። «እስካሁን የነገረችንን በአጭሩ። ገና ብዙ አልተናገረችም። በሩ ጋ ሲደርስ ታቆማለች።»

ፖስታውን እንዳይጨማደድ በእኔ መሳቢያ፣ ከክር ሣጥኑ ሥር አስቀመጥኩት።

ዓርብ፤ ሃያ ሁለተኛ ቀን

ማረሚያ፦ በዘጠነኛው ቀን ሁለት ሦስቱ መቀስ አቀበሉኝ ብያለሁ። ወደ አሥር ይሆናሉ።

ዝናብ ነው። ፖስታው ይረጥባል፤ ሰኞ አስገባለሁ።

ረቡዕ፤ ሃያ ሰባተኛ ቀን

መስኮት አራት ረቡዕ ከሰዓት ዝግ ነው። ማን ነው እንዲህ ያለ ሰዓት የሚያወጣ?

ልጅቱ የመኝታ ቤቷን መቀርቀሪያ ፈትታ አውጥታዋለች። አራቱን ብሎኖች በሥርዓት በኩባያ ውስጥ አስቀምጣ። ቢያንስ አልጣለቻቸውም። «ቤት እኮ መቀርቀሪያ ያስፈልገዋል» አልኳት። «ለማን?» አለችኝ።

ማክሰኞ፤ ሠላሳ ሦስተኛ ቀን

የእሳት አደጋ መርማሪ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን ጠርጎ ገባ። ጥያቄው ስለ መተኮሻ ክፍሉ ሽቦ ነበር። ሲጨርስ ብዕሩን ኪሱ ከትቶ እንዲህ አለ፤

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በሩ አጠገብ የብረት ሰሌዳ አግኝተናል። ሠላሳ አንድ መቀስ ተሰቅሎበታል፤ አንዱ መንጠቆ ባዶ ነው። እሳቱ ሲነሣ ሥራ ጨርሳችሁ ነበር እንዴ?»

«መውጫ ሰዓት ተቃርቦ ነበር» አልኩት።

መውጫ ሰዓት አሥራ አንድ ነው።

ልጅቱ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር። ሻዩን አስቀምጣ ወጣች። ሰውየው አመስግኖ ጠጣው።

ማረሚያ፦ ወደ አሥር ያልኩት ሠላሳ አንድ ነው። እነሱ ቆጥረውታል።

ሰኞ፤ ሠላሳ ዘጠነኛ ቀን

ከሆስፒታሉ እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልደወለም። እንዲህ ነው አሠራራቸው። መጀመሪያ ሰደርያ ለብሰው ሻይ ያጠጣሉ፣ ከዚያ ሰው ይረሳል። በመካከል ያለውን ጊዜ ማን ይያዘው? እኔ ነኝ የያዝኩት። ምግብ እሠራለሁ፣ አጥባለሁ፣ ጫማዋን ስትተኛ ልፈታላት ስሞክር እግሯን ትሰበስባለች። ክብደቷ ቀንሷል፤ ቀሚሷን ሁለት ጣት አጥብቤላታለሁ። ስለካት አንገቷን አዙራ ቴፑን ብቻ ታያለች፤ እኔን አታይም።

ልጅ ሳለች ብዙ ታወራ ነበር። ምግብ በአፏ ይዛ አታውሪ እያልኩ ነው ያሳደግኋት።

እሑድ፤ አርባ አምስተኛ ቀን

ትናንት ፖስታውን በቦርሳዬ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። መስኮት አራት ሰልፉ እስከ ውጭ ደርሷል። ሰልፍ ነው የምለው፤ ሰልፍ አልነበረም፣ ክምር ነበር። ዘበኛው «እናቴ፣ ሊጠይቁ ነው?» አለኝ። የቃጠሎ ክፍል ፎቅ ላይ እንደሆነ ነገረኝ፤ ሃያ ሁለት ደረጃ ነው አለ። ጉልበቴ እንዲህ እያለ እንዴት ሃያ ሁለት ደረጃ እወጣለሁ? የፋብሪካው ልጆች በየሳምንቱ ሳቂታን ይጠይቃሉ። «አሁንም ትስቃለች፤ እትዬ ሰሌዳ ሰላም ናት ወይ አለችን» ብለው ነግረውኛል።

ሰልፉ ስላልተንቀሳቀሰ ተመለስኩ። አምስት ቀን ይቀራል።

ቅዳሜ፤ አምሳ አንደኛ ቀን

የደብዳቤው ሠላሳ ቀን ትናንት አለቀ።

ዛሬ መሳቢያውን በሙሉ አስተካከልኩ። ክር በቀለም፣ መርፌ በቁጥር።

ማክሰኞ፤ አምሳ አራተኛ ቀን

ረጅሟ ሴት ሳትጠራ መጣች። ሰደርያ የላትም፤ ሌላ ሥራ ይዛለች። ያለ ሰደርያው ልጅ ትመስላለች። ልጅቱ በጓሮ በኩል ተቀምጣ ነበር።

«ሆስፒታል ደውዬ ነበር» አለች። «ደብዳቤዋ አልደረሰንም አሉኝ። ምናልባት ጠፍቶ ይሆን?»

«አስገብቻለሁ» አልኩ።

«መስኮት አራት?»

«መስኮት አራት። ጸሐፊዋ ግዴለሽ ናት፤ ጥላው ይሆናል።»

ይህን ነው ያልኩት። ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። የማላውቃትን ሴት ግዴለሽ ብያለሁ። ሴትዮዋ አመነችኝ፤ «አይዞዎት፣ እኔ እከታተላለሁ» ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። እጄን ለመሳብ ጊዜ ወሰደብኝ።

ረቡዕ፤ አምሳ አምስተኛ ቀን

እራት ላይ ነበርን። በሮቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፣ እንደ ሰሞኑ።

«እትዬ» አለች ልጅቱ፣ «ትናንት ለሴትዮዋ ያሉትን ሰምቻለሁ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ፖስታውን ደግሞ አይቼዋለሁ። ገና እንዳመጡት ሳምንት፣ ጥቁር ክር ስፈልግ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ተመስገን ብዬ ነዋ።» ዳቦውን በእጇ እየቆረሰች ነበር፤ ትቆርሳለች እንጂ አትበላም። «እዚያ ከገባሁ መናገሬ አይቀርም። ሳቂታ ስልኬን ልወስድ ነው የተመለስኩት ያለችው ለእርስዎ ብላ ነው። ስልኳ እኔ ጋ ነው ያለው። እኔ ይህን ከተናገርኩ በኋላ የት ነው የምኖረው?»

የት ነው የምኖረው አለችኝ። አሥራ አራት ዓመት በኖረችበት ቤት ውስጥ ተቀምጣ።

«ብዪ፣ ዳቦው ይደርቃል» ብቻ ነው የወጣኝ። ተነሥታ ሳህኗን አጠበች።

ማረሚያ። ይህን መጻፍ የነበረብኝ በአራተኛው ቀን ነው።

ጭሱ በጣሪያው በኩል ሲመጣ ሁሉም ወደ በሩ ሮጡ። እኔ ቆምኩና እጄን ዘረጋሁ። ለምን እንደዘረጋሁ አላውቅም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስዘረጋው የኖርኩት እጅ ነው። የመጀመሪያዋ መቀሷን አስቀመጠችልኝ፣ ሰቀልኩ። ሁለተኛዋም። ከዚያ በኋላ በራሳቸው ተሰለፉ። ማንም ማንንም አልገፋም፤ ይህ እውነት ነው። ግን በእያንዳንዷ መካከል እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ቁጥሩን ፈልጌ እሰቅል ነበር። ሠላሳ አንድ ጊዜ።

ሳቂታ ወደ መጨረሻው ነበረች፤ ልጅቱ ከኋላዋ። ሳቂታ ባዶ እጇን መጣች። እኔ «መቀስሽስ?» አልኳት።

ዞረች። ሮጠች እንኳ አይደለም፣ ተራመደች፤ አዳራሽ ውስጥ አትሩጡ የምል እኔ ስለሆንኩ።

ልጅቱ እጇን ይዛ ጎትታት ነበር። እጅጌዋ አመለጣት። ከዚያ መቀሷን ለእኔ ሰጥታ ወጣች። እኔም ሰቀልኩት።

ሌላ የማርመው የለኝም። ያው ነው።

ዓርብ፤ አምሳ ሰባተኛ ቀን

በሦስት ሰዓት መስኮት አራት ደረስኩ። ጸሐፊዋ ግዴለሽ አይደለችም። ፀጉሯን በእርሳስ ያሰረች ወጣት ናት፣ አንዷን እያናገረች የሌላዋን ወረቀት ትቀበላለች።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፏል።»

«አውቃለሁ። ሠላሳ ሰባት ቀን እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው የቆየው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የታካሚዋ አይደለም።»

ቀና አለች። እንዲህ የሚላት ሰው የለም መሰለኝ። «ቢሆንም ከላኪው አዲስ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«ላኪዎቹ ሥራቸው አልቋል።»

«እንግዲህ…»

«እንግዲህ ምን? ላኪው የለም፣ ተቀባዩ ያለ ላኪ አይቀበልም። ልጅቷ በመካከላችሁ ጫማዋን አድርጋ ትተኛለች። አንድ ሰው ማሽኑ ላይ መቀመጥ አለበት እኮ!»

«ማዘር፣ ይሄ ፋብሪካ አይደለም።»

«ቢሆንማ ኖሮ ይሻል ነበር።»

ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «እውነቷን ነው!» አለ። ሌላው «ቶሎ ይጨርሱልን እባክዎ» አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ከሆስፒታሉ በር ላይ ሆኜ ለረጅሟ ሴት ደወልኩላት። «ዋሽቼሻለሁ» አልኳት፤ አንቺ ብዬ እንደጠራኋት የታወቀኝ ዘግይቶ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ነገ ዕረፍቴ ነው» አለች። «ደብዳቤውን በእጄ ጽፌ አመጣለሁ።»

«ደብዳቤ ብቻ አይበቃም። አንቺ ራስሽ ነሽ የምታስረክቢያት። ቀጠሮዋ ቀን አብረሽ ትገቢያለሽ፣ ሐኪሟ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ትወጫለሽ።»

«እንደዚያ ተደርጎ አያውቅም።»

«እንግዲያውስ ይደረግ።»

ሳቀች። «እትዬ ሰሌዳ የሚልዎት ሰው አልተሳሳተም።» ማን እንደነገራት አልጠየቅሁም።

ሰኞ፤ ስልሳኛ ቀን

ቀጠሮ ተሰጠ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ። ጸሐፊዋ የተሰረዘ ወረፋ አግኝታ ነው። ረጅሟ ሴት አብራ እንድትገባ ሐኪሟ «ለምን እስካሁን አላሰብነውም» ብላ ፈቅዳለች አሉ። እኔም ለምን ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሃምሳ ዓመት ፋብሪካ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር።

ጸሐፊዋ ቅጹን ስትሞላ «ለታካሚዋ ምኗ ነዎት?» አለችኝ።

«አክስቷ» አልኩ። ጽፋ ጨረሰች። «በሩ ላይ የነበርኩትም እኔ ነኝ» አልኩ። ለዚህ ቦታ አልነበራትም።

ረጅሟ ሴት በትከሻዬ በኩል «ለእሳቸውም አንድ ቅጽ ስጪ» አለቻት። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ «ስምዎ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ መዝገባችን ላይ አለ። አልቀመጥም ብለው ነው እንጂ።»

ቅጹን አየሁት። ሦስተኛው መስመር ላይ ጥያቄው ሁለት ጊዜ ታትሟል። ቢሆንም ሞላሁት።

ረቡዕ፤ ስልሳ ዘጠነኛ ቀን

ኃላፊው የታረመውን የምስጋና ወረቀት አመጣ። ቀኑ ትክክል ነው። አልቀበልም አልኩት። «አሁንስ ምኑ ላይ ተሳሳትን?» አለ። መርማሪው የሚመለስ ከሆነ እንዲልክልኝ ነገርኩት፤ ስለ መውጫ ሰዓቱ የነገርኩትን አርማለሁ። ስለ ሰሌዳውም፣ በሩ አንድ ስለመሆኑም። በሩስ? አንድ በር ብቻ ያለው አዳራሽ የሠራ ማን ነው? ይህንም እጠይቃለሁ። ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ ሄደ፤ ሻይ አልጠጣም።

ልጅቱ ይህን ሁሉ ከጥጓ ሆና ሰማች። ማታ ስትተኛ የአንድ እግሯን ጫማ አወለቀች። የአንዱን ብቻ።

ሰኞ፤ ሰባ አራተኛ ቀን

ከሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ቢጣመም ይቅርታ ለመምህርቴ።

በመንገድ ላይ ልጅቱ ቆመች። አስፋልቱ መካከል፣ መኪና እየመጣ። ክንዷን ይዤ ወደ ዳር አወጣኋት።

«እትዬ፣ ሐኪሟ ስለ በሩ ስትጠይቀኝ ምን ልበል?»

ሰባ አራት ቀን ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ነው። ሳልነጫነጭ ለመመለስ ሞከርኩ።

«ያየሽውን። በተራው። እኔ ጋ ስትደርሺ አትዝለዪ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቤት እንሄዳለን። የት ነው የምትኖሪው? ቤትሽ ነዋ።» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ አንዲት ሴትዮ ዞራ አየችን። ልጅቱ ከቦርሳዋ የተሰነጠቀውን ስልክ አውጥታ በእጄ ላይ አስቀመጠችው። ሞልታዋለች፤ ኃይሉ መቶ ነው።

«ይህን እርስዎ ይስጧት» አለች።

ሦስቱ አብረው ገቡ፤ ሐኪሟ፣ ልጅቱና ረጅሟ ሴት። ሐኪሟ እንደኔ አጠር ያለች፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ናት። በሩን ልትዘጋ ስትል ረጅሟ ሴት አንድ ነገር በጆሮዋ አለቻት። በሩን በወንበር ደገፉት። እነሆ፣ ክሩ የት ላይ እንደሚላላ ተነግሯታል ማለት ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ረጅሟ ሴት ብቻዋን ወጣች። «ተቀምጣለች» አለችኝ። አመሰገንኳት። ሌላም የምትረዳው ሰው ይኖራታል፤ ወደ አዲስ ሥራዋ ስትሮጥ አየኋት። በቅጡ ላልተደራጀ ሥራ እንዲህ ያለ ሰው ይባክናል።

በክፍቱ በር ቃላቱ አይሰሙም፤ ድምፁ ብቻ ይመጣል። የልጅቱ ድምፅ ነው። እየቆመ፣ እየቀጠለ። ልጅ ሳለች እንዲህ ነበር የምታወራው፤ ምግብ በአፏ ይዛ።

ሐኪሟ ጋ የእኔ ተራ ሐሙስ ነው። ልጅቱ እስክትወጣ ገና ሃያ ደቂቃ አለ። ስልኩ በቦርሳዬ ነው።

ያው ቀን፤ ቤት ከገባን በኋላ

ማረሚያ፦ በአርባ አምስተኛው ቀን፣ ወደ ቃጠሎ ክፍል የሚያወጣው ደረጃ ሃያ ሁለት ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ዘበኛው የነገረኝን ይዤ ነው። ስልኩን ይዤ ስወጣ ቆጠርኩት፤ ሃያ አራት ነው።